ቋጠሮው ከውሃ በፊት ነው

ቅዳሜ ጠዋት ለሰፈራችን እናቶች ስለ ልጆች ፀጉር አስተጣጠብ ያወራሁት ነው። በስልክ ከተቀዳው ላይ ነው የጻፍኩት። የደጋገምኩትን ቀንሻለሁ፤ የቀረው እንዳለ ነው።

እንደምን አደራችሁ። ወንበር ያላገኛችሁ ወደ ፊት ኑ፣ ምንጣፉ ላይ ቦታ አለ።

ይቺ በርጩማው ላይ የተቀመጠችው የእህቴ ልጅ ናት። ሚጣ ነው የምንላት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሹሩባዋን ዛሬ ጠዋት ነው የፈታነው፤ ሦስት ሳምንት ቆይቷል። እናንተ ፊት ፀጉሯን ላጥባት በአንድ ቸኮሌት ተስማምተናል። ሁለት ነው ያልሽኝ ትላለች። እሺ፣ ሁለት።

ባልዲው ይኸው። ጆጉም ይኸው። ግን ገና ውሃ አልነካም። እያወራሁ እጄ ከፀጉሯ አይወጣም። ጆሯችሁን ለእኔ ስጡኝ፣ ዓይናችሁን ግን ጣቶቼ ላይ አድርጉ።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናዘዝ። ፀጉር ቤት ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ነው። አዲስ ሰው ሥራው ማጠብ ነው፤ ካስክና ፎን አይነካም። የፋሲካ ዋዜማ ነበር። የዋዜማን ፀጉር ቤት ታውቁታላችሁ፤ ወረፋው እስከ ደጅ ነው። አንዲት ደንበኛ መጡ። ሁለት ወር የቆየ ሹሩባ ነው። ልጆቹ ተረባርበው ፈቱላቸው። ፀጉራቸው እንደ ጎፈሬ ቆመ። እኔም እንደ ቆመ ወስጄ መታጠቢያው ላይ አስደግፌ ውሃ ለቀቅኩበት። ሻምፖውን አናታቸው ላይ አፈሰስኩ። በሁለት እጄ እንደ ካልሲ አሸሁት። አረፋው ሲበዛ ደስ አለኝ፣ ጎበዝ የሆንኩ መሰለኝ።

ከዚያ አናታቸው ላይ የሆነ ነገር እጄን ያዘው። ጡጫ ያክላል። ጣት አያስገባም። እንደ ብርድ ልብስ ቁራጭ ድፍን ብሏል። ኮንዲሽነር ብጨምር፣ ዘይት ብጨምር እንቢ አለ። ሦስት ሆነን ሁለት ሰዓት ታገልን። መጨረሻው መቀስ ነበር። ሴትየዋ አልጮኹብኝም። በመስታወቱ ዝም ብለው አዩኝ። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? እኔ ግን ጥፋቱን ለሻምፖው ሰጠሁት። ቆይቼ ደግሞ ለውሃው። «የዚህ ሰፈር ውሃ ፀጉር ያስተሳስራል» እያልኩ ስንት ዓመት ለሰው ነግሬያለሁ። ዛሬም እንዲህ የሚሉ አሉ። «ባጠብኳት ቁጥር ፀጉሯ ይያያዛል፣ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ አላጥባትም» ይሉኛል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው።

አሁን ይቺን እዩ። ከሚጣ ፀጉር መሀል በሁለት ጣቴ ሳብ ሳደርጋት ዝም ብላ መጣች። አመመሽ? አላመማትም። እስቲ ወደ ኋላ አሳልፏት። አንደኛው ጫፏ ላይ ነጭ ነጥብ አለች፣ የጤፍ ፍሬ እንኳ የማታህል። እሷ ሥሯ ናት። ይህች ፀጉር አልተሰበረችም፤ ጊዜዋ ደርሶ ከተነቀለች ቀናት አልፏታል። የተሰበረ ፀጉር አጠር ይላል፣ ነጭ ነጥብም የለውም። ሹሩባ ስትፈቱ እፍኝ ሙሉ ፀጉር አይታችሁ ከመደንገጣችሁ በፊት ይህን ነጥብ ፈልጉ።

ጤነኛ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ይነቀልበታል። ሉጫ ፀጉር ያላት ሴት ትራሷ ላይ፣ ትከሻዋ ላይ ታገኘዋለች። ጥቅልል ፀጉር ግን የተነቀለውን አይለቅም። እዚያው ጥቅልሉ መሀል ተንጠልጥሎ ይከርማል። ሹሩባ ውስጥ ከሆነማ መውጫም የለው። ሒሳቡን እንሥራው። የሚጣ ሹሩባ 21 ቀን ቆየ። በ50 ብናባዛው 1,050። በ100 ከሆነ 2,100። እኔ ያኔ ያጠብኳቸው ሴት ደግሞ 60 ቀን ነው። ከ3,000 የማያንስ ልቅ ፀጉር አናታቸው ላይ ይዘው ነው የመጡት። እኔ እሱን ሳላወጣ ውሃ አፈሰስኩበት። ያ ልቅ ፀጉር ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ክር ማለት ነው። የቆመውን ፀጉር ዙሪያውን እየዞረ ያስረዋል።

ታዲያ ውሃው ምን ያደርጋል? እሱም የራሱ ድርሻ አለው። ፀጉር የተሠራው ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን ነው። በፎን ሲመታ ወይም በሹሩባ ሲወጠር ቀጥ ብሎ የሚቆየው ሃይድሮጅን ቦንድ በሚባሉ ጥቃቅን ማያያዣዎች ነው። ደካማ ናቸው፣ ውሃ ሲነካቸው ይለቃሉ። ያን ጊዜ ፀጉሩ ወደ ተፈጥሮው ይመለሳል። የድሮውን የቤት ስልክ ገመድ አስታውሱ። ስትስቡት ይረዝማል፣ ስትለቁት ስብስብ ይላል። የእኛ ፀጉር እርጥብ ሲሆን ከርዝመቱ ግማሹንና ከዚያም በላይ ሊሰበሰብ ይችላል። ሲሰበሰብ ታዲያ መሀሉ ያገኘውን ሁሉ አቅፎ ነው። የተነቀለውን፣ የተጣመመውን፣ ከሹሩባው ሥር የቆየውን የቅባትና የአቧራ ጓል ጭምር። ክሩ ቀድሞ ተዘጋጅቷል፤ ውሃው ጠበቅ ነው የሚያደርገው።

ሁለተኛዋን ክፍል ጨረስኩ። አያችሁ ወይ ምን እንደማደርግ? ከመነሳታችን በፊት ራሷን ስምንት ቦታ ከፍያታለሁ። ሰባቱን ላላ አድርጌ ጠምዝዤ አስቀመጥኩ። አንዷን ብቻ እፈታለሁ። እጄን የኮኮናት ዘይት አስነክቼ በጣቴ ብቻ እገባለሁ። ማበጠሪያ የለም። ደረቅ ጥቅልል ፀጉር ላይ ማበጠሪያ መስደድ እሾህ አጥር ላይ ነጠላ መጎተት ነው። ጣት ግን ያውቃል። ቋጠሮ ሲያጋጥመው ይቆማል። ማበጠሪያ አይቆምም።

የት እንደምጀምር ተመልከቱ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ ፀጉርን ግን ከጫፉ። ከላይ ጀምራችሁ ወደ ታች ከሳባችሁ ትንንሾቹን ቋጠሮዎች ሁሉ እየነዳችሁ አንድ ቦታ ታከማቿቸዋላችሁ። ስለዚህ መጀመሪያ የጫፉን ሁለት ጣት ያህል አፀዳለሁ። ከዚያ ትንሽ ከፍ እላለሁ፣ ከዚያ ደግሞ ከፍ። እጄ ግን ሁልጊዜ ወደ ታች ነው የሚወርደው። ከጫፍ ጀምሩ ሲባል ወደ ላይ የሚቧጥጡ አይቻለሁ፤ እንደሱ አይደለም። ግራ እጄ ደግሞ ፀጉሩን ከሥሩ ከፍ ብሎ ጨብጦታል። ብስብ እንኳ ስቃዩ እጄ ላይ ይቀራል እንጂ ራስ ቅሏ አይሰማውም። ለዚህ ነው ሚጣ የማታለቅሰው። ቸኮሌቱም አለ መሰለኝ።

ጫፉ ለምን እንዲህ ይከፋል? አርጅቶ ነው። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። የሚጣ ፀጉር ሲወጠር 24 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ለክቼዋለሁ። ጫፉ እንግዲህ የሁለት ዓመት ዕድሜ አለው። ሁለት ዓመት ሙሉ ትራስ፣ የሹራብ ኮሌታ፣ ሹሩባ፣ ፀሐይ ችሏል። ራስ ቅል የሚያመነጨው ወዝ ደግሞ ቀጥ ባለ ፀጉር ላይ ተንሸራትቶ ይወርዳል። በጥቅልል ላይ ግን በየኩርባው እየቆመ ጫፍ ሳይደርስ ይቀራል።

የተሰበረ ፀጉር ደግሞ አይድንም። ከቆዳ ወጥቶ ያለው ክፍል ሙት ነው። በቀላሉ አይበሰብስም፣ ግን ራሱንም አይጠግንም። የአፄ ቴዎድሮስ ፀጉር በ1868 እ.ኤ.አ. መቅደላ ላይ ተቆርጦ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። በ2019 እ.ኤ.አ. ለንደን ያለው የጦር ሠራዊት ሙዚየም መለሰልን። 151 ዓመት! ያን ያህል ይቆያል። የተሰነጠቀ ጫፍን ግን 151 ዓመት ብትጠብቁት አይገጥምም። «የተሰነጠቀ ፀጉር ይጠግናል» ተብሎ የተጻፈበት ጠርሙስ ሲሸጥላችሁ ይህን አስታውሱ።

ሦስተኛዋም አለቀች።

አሁን ስለ ማጠቡ ልናገር፣ እጄ ሥራውን ይቀጥል። ብዙዎቻችን ልጅ የምናጥበው እንዴት ነው? ሳፋ መሬት ላይ እናስቀምጣለን። ልጅቷን አጎንብሺ እንላለን። ፀጉሯ ሁሉ ወደ ፊት ይገለበጣል። ውሃውን ከማጅራቷ እናፈሳለን። እሷ ዓይኔን አቃጠለኝ ትላለች፣ እኛ ዝም በይ እንላለን። እዚያ ላይ ነው ጉዱ የሚፈላው። የእያንዳንዱ ፀጉር የላይኛው ሽፋን እንደ ሳር ክዳን ነው። ቅርፊቶቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው ወደ ጫፍ የተኙ ናቸው። ዝናብ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ክዳኑ ምንም አይሆንም። ከታች ወደ ላይ እጃችሁን ስትሰዱበት ግን ሳሩ ይነሳል። ፀጉርንም ገልብጣችሁ አናት ላይ ሰብስባችሁ ስታሹት ቅርፊቱ ተነስቶ እርስ በርስ ይነካከሳል። ሱፍ ጨርቅ በሙቅ ውሃ ታጥቦ ድፍን ሲል አይታችሁ ከሆነ እሱው ነው።

ስለዚህ ቀና ትበል። ወይ ቆማ፣ ወይ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ደገፍ አድርጋ። ውሃው ከአናት ወደ ጫፍ ይውረድ። ሻወር ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ውሃ በፈረቃ የምታገኙም አትስጉ፣ በጆግ ይሆናል። ለሚጣ ራስ አንድ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ይበቃኛል። ምክንያቱም ስምንቱን ክፍል አልበትናቸውም። እንደተጠመዘዙ ነው የማጥባቸው። ሻምፖውን ጠርሙስ ውስጥ በውሃ አቅጥኜ በክፍሎቹ መሀል ራስ ቅሏ ላይ አፈሰዋለሁ። በጣቴ ሥጋ እንጂ በጥፍሬ አላሽም። ክብ ክብ እያደረግሁም አላዞርም፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ። ፀጉሩንስ? አልነካውም። አረፋው ሲወርድ ያጥበዋል፣ ይበቃዋል።

የገላ ሳሙና የምትጠቀሙ አላችሁ? እጅ አታውጡ፣ አውቃለሁ። እኔም በሱ ነው ያደግሁት። ሳሙና አልካሊ ነው፣ የአሲድ ተቃራኒ ማለት ነው፤ መለኪያው ፒኤች ይባላል፣ የሳሙና 9 እና 10 ይደርሳል። የራስ ቅል ቆዳ 5 ተኩል አካባቢ ነው። አልካሊ ያንን የሳር ክዳን ያስነሳዋል። ውሃው የጉድጓድ ሆኖ ካልሲየምና ማግኒዥየም የበዛበት ከሆነ ደግሞ ሳሙናው አረፋ እምቢ ይልና ፀጉር ላይ ነጭ ዝቃጭ ይተዋል። ያኔ እጃችሁን ስታሳልፉበት ይንቋቋል፣ ንጹሕ የሆነ ይመስላችኋል። ዝቃጩ ነው። ሌላ ከጠፋና በሳሙና ካጠባችሁ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ መጨረሻ ላይ አፍስሱበት። ሎሚ እንደ ወረደ አትጭመቁባት፣ ቆዳዋን ያቃጥላታል።

ከዚያ ኮንዲሽነር። እዚህ ላይ አትቆጥቡ። ፀጉር፣ በተለይ የተጎዳ ፀጉር፣ ላዩ ላይ ነጌቲቭ ኤሌክትሪክ አለው። ኮንዲሽነር ውስጥ ያለው ቅባት መሰል ነገር ፖዘቲቭ ነው። ሄዶ ይለጠፍበታል፣ ታጥቦም ስስ ሽፋን ይቀራል። በሻምፖ ታጥቦ የሚንቋቋው ፀጉር በኮንዲሽነር ሙልጭልጭ የሚለው ለዚህ ነው። ማበጠሪያ የሚፈቀደው አሁን ነው። ጥርሱ ሰፋፊ የሆነ፣ ከጫፍ ጀምሮ፣ አንድ ክፍል ፈትቶ፣ አበጥሮ፣ መልሶ ጠምዝዞ። እርጥብ ፀጉር ይለጠጣል፣ ይደክማልም። ስለዚህ ኮንዲሽነር ሳይኖር እርጥብ ላይ አታበጥሩ።

ውድ ነው ለምትሉ ተልባ አለላችሁ። ተልባ የምላችሁ ለመጠጥ የተቆላውንና የተወቀጠውን አይደለም፤ ጥሬውን፣ ፍሬውን። ሩብ ብርጭቆ ተልባ በሁለት ብርጭቆ ውሃ ጥዳችሁ እያማሰላችሁ እንደ እንቁላል ነጭ መዝለግለግ ሲጀምር አውርዱት። ትኩስ እያለ በስቶኪንግ አጥልሉት። በረድ ካለ በኋላ አልወርድም ይላል፤ አንድ ጊዜ ማጣሪያዬን ጥዬበታለሁ። ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት ይቆያል። ኮንዲሽነርን ሙሉ በሙሉ አይተካም። ጣት ለማሳለፍ ግን ግሩም ነው።

አዎ እማማ፣ ይናገሩ።

እማማ የሚሉት፣ እኛ በለጋ ቅቤ አድገን ፀጉራችን ምን ሆነ ነው። እውነትዎን ነው። ቅቤው ያለሰልሳል። ከመታጠቡ በፊት ቅባት መቀባት የዛሬ ልጆች ያመጡት አዲስ ነገር አይደለም፣ የእናንተ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ የህንድ ጥናት የኮኮናት ዘይት ከመታጠብ በፊት ሲቀባ ፀጉር የሚያጣውን ፕሮቲን እንደሚቀንስ አሳይቷል። የሱፍ ዘይት ግን ያን አላደረገም። እኔ ዛሬ ኮኮናት የያዝኩት ለዚህ ነው፣ ቅቤ ንቄ አይደለም። ቅቤ ችግሩ አወጣጡ ላይ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ ከጀመሩት ይረጋል፣ ልቅ ፀጉሩን ሁሉ እንደ ሰም ያጣብቀዋል። ለብ ያለ ውሃ ይሁን። ከዚያ በፊት ደግሞ በጣት ይፈታ። እናንተ ያኔ በሚዶ ቁጭ ብላችሁ ግማሽ ቀን ትፈቱት የለ? ያ ነው የቀረብን። ቅቤው አልቀረም፣ ጊዜው ነው የቀረው።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ልጅቷ ጆሮ አላት። ቋጠሮ ባገኛችሁ ቁጥር «ይሄ ከርዳዳ» አትበሉ። በየዘፈኑ የሚወደሰው ዞማ ፀጉር እንደሆነ እሷም ሰምታለች፤ እናቷ ልትጨምርባት አይገባም። ሚጣ አንድ ቀን «ፀጉሬ መጥፎ ነው?» ብላኛለች። ስድስት ዓመቷ ነበር። ይሄው ነው።

ፎጣ። ፎጣ አልወድም። ክሮቹ ቀለበት ቀለበት ናቸው፣ ፀጉር ይይዛሉ። ማሸትማ ጭራሽ። እኔ ያረጀ ነጠላ ነው የምጠቀመው። ጠቅልዬ እጨምቀዋለሁ፣ አላሽም። ከዚያ ሳይደርቅ እንደተጠመዘዘ ይቆያል። ተበትኖ ከደረቀ ስብስብ እያለ እንደገና ይያያዛል፣ ልፋታችን ሁሉ ገደል ገባ። ማታ ሳቲን ሻሽ አስሩላት። በየስንት ጊዜ ለምትሉኝ፣ ሳምንት ወይም ሁለት ሳምንት። ሹሩባ ከሆነ እኔ ሦስት ሳምንት ላይ እፈታለሁ። ወር ያስቆዩ ሰዎች አሉ፣ የልቅ ፀጉሩን ሒሳብ ያወራርዱ።

ቆይ፣ ቆይ። አገኘሁ። ኑ ቀረብ በሉ። ማጅራቷ ላይ፣ የዩኒፎርሟ ኮሌታ የሚፈገፍግበት ቦታ። ሁልጊዜ እዚያ ነው የሚሆነው። ቋጠሮዋ የአተር ፍሬ ታህላለች። ይቺን እንደ ያኔው ውሃ ባፈስባት ማታ የለውዝ፣ በሳምንት የዋልያ ቀንድ ትሆን ነበር። አሁን አንድ ጠብታ ዘይት። በአውራ ጣትና በሌባ ጣቴ አሻሻታለሁ። አልስብም። ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን ነው የምከፍታት፣ ጥጥ እንደምንባዝት። ከዳር ያለውን አንድ ፀጉር። አሁን ሌላውን። ነጭ ነጥብ ያላት ይቺ ናት ያሰረችው፣ አያችኋት? እሷ ስትወጣ ሌላው ራሱ ላላ።

ባይፈታስ? መቀስ በአግድም አትስደዱ፤ ያኔ እኔ ያጠፋሁት እሱን ነው፣ ጡጫውን ሙሉ ቆረጥኩት። የመቀሱን ጫፍ ቋጠሮው ውስጥ በቁመት፣ በፀጉሩ አቅጣጫ አስገብታችሁ መሀሉን ለሁለት ክፈሉት። ከዚያ ሁለቱን ትንንሽ በጣት። የምታጡት ጥቂት ፀጉር ነው። አንድ ፀጉር በራሱ ላይ የቋጠራት፣ ጫፍ ላይ አሸዋ የምትመስል ትንሽ ነገር ደግሞ አለች። እሷን አትፍቷት፣ ዓይን ያጠፋል። ስል መቀስ ይዛችሁ ከላይዋ ቁረጧት።

ያቺ ሴት ዛሬ ቢመጡ ምን አደርግ ነበር? አንድ ሰዓትም ቢፈጅ መጀመሪያ በጣቴ እፈታላቸው ነበር፣ ወረፋው ይጠብቅ። ዋዜማም ቢሆን። የፀጉር ቤቱ ባለቤት ብትቆጣም።

ስምንተኛዋ። ስንት ደቂቃ ሆነን? 45? ማጠቡ 15 አይሞላም፣ ሰዓት ያዙልኝ። ይኸው ደግሞ ያወጣሁት ልቅ ፀጉር፣ ተሰብስቦ የዶሮ እንቁላል አክሏል። ይህ ሁሉ ውሃ ውስጥ ሊገባ ነበር።

ሚጣ፣ ተኛሽ እንዴ? ቀና በይ እናቴ። ጆጉን አቀብሉኝ።